ከኦሃዮ የተገኘች ባለቤት ያጣች የሮክ ሸክላ፦ ባንዱ በምን ይገኛል?

ኮለምበስ_45

ሰላም የሸክላ ወዳጆች። ኦሃዮ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ የተገዛ አንድ ካርቶን ባለ 45 (በደቂቃ 45 ዙር የሚዞር) ሸክላ አለ። አብዛኛው የትም የሚገኝ የሞታውንና የኤልቪስ ዕቃ ነው። አንዷ ግን የትም የለችም። ነጭ ሌብል፣ ጥቁር ጽሑፍ፤ የባንዱ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ በቅንፍ ሁለት የቤተሰብ ስም፣ ከሥሩ «ቢኤምአይ» (የዘፈን ደራሲዎችን ክፍያ የሚሰበስብ የአሜሪካ ድርጅት)። የአሳታሚ ስም የለም፣ ከተማ የለም፣ ዓመት የለም። ከሌብሉ ጎን ባለ 5 አሃዝ ቁጥር አለ፤ የጀርባዋ ቁጥር በአንድ ይበልጣል።

አንደኛው ገጽ ኦርጋን ያለበት ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነው። ሁለተኛው ግን ፈዝ ጊታር (ድምፁ ሆን ተብሎ የሻከረ)፣ የሚደበድብ ከበሮ፣ ግጥሙ ደግሞ የልደት ቀኑ በዕጣ ስለወጣበት ልጅ። ቬትናም የሚለው ስም አንዴም አይነሳም፤ ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

የሸክላ መዝገብ የሆኑት ድረ ገጾች ዲስኮግስና ፎርቲፋይቭካት ላይ የለም፣ ጉግል ላይ የባንዱ ስም ሲገባ የሚመጣው የጫማ ማስታወቂያ ነው። ስሙን ለጊዜው እዚህ አልጽፈውም። የት ታተመች፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከሸክላዋ ላይ ማወቅ ይቻላል? ከሁለት የቤተሰብ ስም ተነስቶ ሰዎቹን ማግኘትስ? ቆሽሻለች፣ ትንጫጫለችም፤ ሳላበላሻት ወደ ኮምፒውተር እንዴት ላስገባት? ዩቲዩብ ላይ ብጭናትስ ችግር አለው? (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ንገሩኝ፤ እዚህ መዝገቡ ሁሉ በዚያ ነው።)

ማትሪክስ_አንባቢ

ስሙን አለመጻፍህ ደግ ነው። እዚህ ከወጣ በሳምንቱ ሌላ ኮፒ ያለው ነጋዴ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል፤ ያኔ የባንዱን ሰዎች ፈልጎ የሚያስቸግረው ሌላ ሰው ነው።

ኦሃዮ፣ የአሳታሚ ስም የሌለው ሌብል፣ በሁለቱ ገጽ ተከታታይ ባለ 5 አሃዝ ቁጥር፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲንሲናቲ የነበረው ራይት ሪከርድስ ነው። ራይት ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ የሚያትም ፋብሪካ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ፣ የአገር ቤት ካንትሪ ዘፋኝ፣ የጎረምሶች ሮክ፣ ሁሉም ተሰልፈው በአንድ የቁጥር ተራ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ቁጥሩ የባንዱ የካታሎግ ቁጥር አይደለም። ዲስኮግስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የፋብሪካውን ቁጥር የአሳታሚ ቁጥር አድርጎ ይመዘግብና ቀጣዩ ፈላጊ ይጠፋበታል።

አሁን የመጨረሻው የድምፅ መስመር ካለቀበት እስከ ሌብሉ ያለውን ባዶ ቀለበት አንብብ። የጣሪያ አምፖል አይጠቅምም፤ ጨረሩ ከላይ ሲመጣ ጭረቱ ይሰወራል። ክፍሉን አጨልምና የእጅ ባትሪውን ከሸክላዋ ጠርዝ እኩል ዝቅ አድርገህ በጎን አብራ፣ ሸክላዋን ቀስ እያልክ አዙር። 10 ጊዜ የሚያጎላ የጌጣጌጥ ሠሪዎች ሌንስ ካለህ በጣም ጥሩ። የምታየውን ሁሉ ጻፍ፦ በማሽን የተመታውን፣ በእጅ የተጫረውን፣ ሰረዙንም ጭምር። ጠመኔ ወይም እርሳስ አሽቶ ፊደል የማውጣት ዘዴ አለ የሚሉህን አትስማ፤ ብናኙ መስመሩ ውስጥ ይገባል።

የራይት ከሆነች ያቺ የሌብል ቁጥር ቀለበቱ ላይ ትደገማለች፤ ከአጠገቧ አጠር ያለ ሌላ ቁጥር አለ። ይቺ ሁለተኛዋ የደንበኛው የሒሳብ ቁጥር ናት፤ ትልቁ ሥራ የሚሠራው በሷ ነው። ሰብሳቢዎች የራይት ቁጥሮችን ከዓመት ጋር ያዛመዱባቸው ሰንጠረዦች ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ የሒሳብ ቁጥሮችንም እንዲሁ። ያንተ የሒሳብ ቁጥር በሌሎች ሸክላዎች ላይ፣ ለምሳሌ በሁለት የጎስፔልና በአንድ የትምህርት ቤት መዘምራን ሸክላ ላይ ከተገኘ፣ ደንበኛው የአካባቢው ስቱዲዮ ነው ማለት ነው፤ በሌሎቹ ላይ አድራሻ ካለ ከተማው ተገኘ። ቁጥሩ በአንተዋ ብቻ ካለ ግን የከፈለው ባንዱ ራሱ ወይም የአንዱ ልጅ አባት ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቁጥሩ የሚነግርህ ሥራው ፋብሪካው የገባበትን ጊዜ ነው። ባንዱ ቴፑን ቀድቶ ለሸክላው ገንዘብ እስኪያጠራቅም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ራይት ካልሆነችም ተስፋ አትቁረጥ። የትልቁ አሳታሚ የአርሲኤ የደንበኛ ሥራ (ለሌሎች በክፍያ ያተመው) ከሆነ የቁጥሩ የመጀመሪያ ፊደል ዓመቱን ይነግርሃል፦ «ኤስ» 1965፣ «ቲ» 1966፣ «ዩ» 1967፣ «ደብሊው» 1968፣ «ኤክስ» 1969። በክብ ውስጥ «ኤም» እና «አር» ፊደላት ካየህ የሎስ አንጀለሱ ሞናርክ ነው፤ እሱ ደግሞ ከትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀጥሎ ተከታታይ ቁጥር ይጭር ነበር፤ ያም በሰንጠረዥ ወደ ወር ይመለሳል። «ናሽቪል ማትሪክስ» የሚል ማኅተም ካለ ላኳሩ (ማተሚያው የሚወጣበት፣ መጀመሪያ የሚቀረጸው ሸክላ) የተዘጋጀው ናሽቪል ነው፤ ግን ከኬንታኪም ከኦሃዮም ወደዚያ ይላክ ስለነበር ባንዱን ቴነሲ ሄደህ አትፈልግ።

የማይክሮፊልም_ልጅ

ማትሪክስ_አንባቢ ሸክላዋን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ሰዎቹ ልሂድ።

በመጀመሪያ ግጥሙን እንደ ሰነድ አንብበው። ለቬትናም ጦርነት ወታደር የተመለመለበት የልደት ቀን ዕጣ የወጣው ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ነው። 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ቅንጣቶች፣ በያንዳንዷ ውስጥ አንድ የልደት ቀን፤ መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር፣ ቁጥር 1 ሆነ። የሚመለከተው ከ1944 እስከ 1950 የተወለዱትን ነበር፤ በመጨረሻ የተጠራው ከፍተኛው ቁጥር 195 ነው። የ1951 ልጆች ዕጣ በጁላይ 1970 ተከተለ። ስለዚህ የአንተዋ ሸክላ ከ1969 መጨረሻ በፊት ልትሆን አትችልም። ግጥሙ ውስጥ ወታደር በግቢ ውስጥ ስለመተኮሱ ፍንጭ ካለ ደግሞ ከሜይ 4 ቀን 1970 በኋላ ነው፤ ያን ቀን የኦሃዮ ናሽናል ጋርድ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ 4 ተማሪዎችን ገደለ፣ 9 አቆሰለ። እዚያው ኦሃዮ ውስጥ የነበረ ባንድ ይህን ሰምቶ ዝም ይላል ብዬ አልገምትም፤ ግጥሙ ዝም ካለ ምናልባት ቀድሞ የተቀዳ ነው። ይህ ግምት ነው፤ ከራይት ቁጥር ጋር አስተያየው።

«ቢኤምአይ» የሚለው ጽሑፍ አያታልልህ። ብዙ የገጠር ባንድ ለወጉ ያህል አሳትሞት ዘፈኑን ጨርሶ ሳያስመዘግብ ቀርቷል። ቢሆንም የቢኤምአይ የፍለጋ ገጽ ነፃ ስለሆነ ሞክረው፦ በርዕስ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን የቤተሰብ ስም አጣምረህ። አንዱ ስሚዝ ቢሆን እንኳ ስሚዝ ከሁለተኛው ስም ጋር ሲመጣ ዝርዝሩ ያጥራል።

እዚያ ካጣህ ወደ ቅጂ መብት ቢሮው የታተመ ካታሎግ ሂድ። የሙዚቃው ክፍል በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣ ነበር፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁን እና ከጁላይ እስከ ዲሴምበር፤ ቅኝቱ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ አለ። ለአንተ ከ1969 ሁለተኛ አጋማሽ እስከ 1971 ያሉት 5 ቅጾች ይበቃሉ። በኮምፒውተር ፍለጋ ብቻ አትመን፤ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ቅኝቱ ፊደል ያምታታል። ተራው በፊደል ስለሆነ ገጹን ገልጠህ በዓይንህ እይ። በ«ኢዩ» የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር ያልታተመ ሥራ ነው፣ በ«ኢፒ» የሚጀምረው የታተመ። የትንንሽ ከተማ ልጆች በአብዛኛው «ኢዩ» ናቸው፤ ዜማውን በኖታ ወረቀት ላይ በእጅ ጽፈው ከክፍያው ጋር ይልኩ ነበር። ዋናው ጥቅሙ ሸክላው ላይ የቤተሰብ ስም ብቻ የነበረው ሰው እዚህ ከነሙሉ ስሙና ከመሃል ስሙ ፊደል ጋር መገኘቱ ነው። በዚያ ላይ የተመዘገበበት ቀን አለ።

ሙሉ ስም ከተገኘ ቀጣዩ የአካባቢው ጋዜጣ ነው። አንተ ኮለምበስ ስለሆንክ ዕድለኛ ነህ፤ የኦሃዮ ሂስትሪ ኮኔክሽን ትልቁ የኦሃዮ ጋዜጦች የማይክሮፊልም ክምችት እዚያው ከተማህ ነው ያለው። ጥቅሉን ይዘህ ከዳር እስከ ዳር አታንብብ፦ የዓርብና የቅዳሜን ዕትም፣ የኦገስት ወርን (የካውንቲ ፌር ጊዜ ነው)፣ የሜይን መጨረሻ (የትምህርት ቤት የጭፈራ ምሽት፣ ፕሮም)። የምትፈልገው ቃልም «ሮክ ባንድ» አይደለም። የዘመኑ የገጠር ጋዜጣ «ኮምቦ» ነው የሚለው። የናሽናል ጋርድ አርመሪ አዳራሽ፣ የዘማቾች ማኅበር አዳራሽ፣ የሮለር ስኬቲንግ ቤት፣ የባንዶች ውድድር፤ ዜናው የሚወጣው በነዚህ ሥር ነው። ጥሩ ጋዜጠኛ ከሆነ የአምስቱንም ልጆች ስም፣ የሚማሩበትን ትምህርት ቤትና የሚጫወቱትን መሣሪያ ይዘረዝራል።

ከዚያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ዓመታዊ የተማሪዎች መጽሐፍ እይ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ሙሉ ስብስቡ አለው። የተመራቂዎቹን ፎቶ ብቻ አይተህ አትዝጋ፤ የፕሮሙ ገጽ ላይ የትኛው ባንድ እንደተጫወተ ይጻፋል፣ የመድረኩም ፎቶ አለ። የድራሙ የፊት ቆዳ ላይ የባንዱ ስም ተለጥፎ ይታያል። ስም የለወጡ ባንዶች ብዙ ስለሆኑ ይቺ ፎቶ ከጽሑፉ ይልቅ ታስረዳለች፤ በ1967 የባሕር ሞገድ ዓይነት ስም የነበራቸው ልጆች በ1969 ስማቸውን ጠምዝዘው ሳይኬደሊክ ሆነው ታገኛቸዋለህ።

ሰው ስታገኝ ስልክ አትደውል። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ነው፤ ከማያውቁት ቁጥር ስለ ድሮ ሸክላ የሚጠይቅ ሰው ሲደወል አጭበርባሪ ነው የሚመስላቸው። ደብዳቤ ጻፍ፣ የሌብሉን የሁለቱንም ገጽ ፎቶ አትመህ አስገባበት። ያ ፎቶ ነው በሩን የሚከፍትልህ።

መርፌ_ጠጋኝ

ከማጫወትህ በፊት ዕቃው ምን እንደሆነ እወቅ። የራይት ሸክላ ቪኒል ነው። በዘመኑ ግን ብዙ ባለ 45 ከስታይሪን ይሠራ ነበር፤ ስታይሪን ደረቅ ነው፣ በጥፍርህ ጠርዙን መታ ስታደርገው እንደ ፕላስቲክ ሳህን ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌብሉም ብዙ ጊዜ በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ጠርዙ ይነሳል። ቪኒል ላይ ሌብሉ ከሸክላው ጋር አብሮ የተጨመቀ ነው። ልዩነቱ የሚያሳስበው ስታይሪን በተበላሸ መርፌ አንዴ ሲጫወት የማይድን ሽርሽርታ ስለሚይዝ ነው።

ለማጠብ፦ 1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር ፎቶ ፍሎ (የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ፣ የፎቶ ዕቃ መሸጫ ቤት አለ)። ቪኒል ከሆነና ቅባት ካለበት ብቻ እስከ 10 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጨምር፤ ስታይሪን ከሆነ አልኮሉን ተወው። ሌብሉን በክብ ፕላስቲክ ክዳን ሸፍነው፤ ነጭ ሌብል ላይ የውሃ ክብ ከተሠራ አይወጣም። ለስላሳ ብሩሽ፣ በመስመሩ አቅጣጫ፣ በጭራሽ ከመሃል ወደ ዳር አይደለም። ከዚያ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ደግመህ አለቅልቅ። ይህን ሰው ይዘለዋል፤ ፎቶ ፍሎው ሲደርቅ መስመሩ ውስጥ ይቀርና ከሁለት ጊዜ በኋላ መርፌው ጫፍ ላይ ነጭ ጭቃ ይሆናል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ኖራውን ይተውብሃል። አየር ላይ በቋሚ ይድረቅ፤ ፀጉር ማድረቂያ አይነካውም።

መርፌ፦ ሸክላዋ ሞኖ ስለሆነች በዘመኗ የተጫወተችው 25 ማይክሮን በሆነ ክብ ጫፍ ነው። ዛሬ ተራው ክብ መርፌ 15 ወይም 18 ማይክሮን ስለሆነ ከመስመሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። የድሮው ከባድ መርፌ ያልደረሰበት ሥፍራ ካለ ድምፁ ይጠራል፤ አሸዋው ሥር ከተኛ ደግሞ ጩኸቱ ይብሳል። ርካሹ መነሻ የኦዲዮ ቴክኒካ ባለ ክብ መርፌ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው የክንዱ ጫፍ ዕቃ) ነው፣ ቪኤም95ሲ፤ ክብደቱን 2 ግራም አድርገው። የሳንቲም ክብደት ክንዱ ላይ መለጠፍ የሚባል ነገር የለም።

በስቴሪዮ ቅዳ፣ ሸክላዋ ሞኖ ብትሆንም። 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ፤ አንዲት ጭረት ጫፉን ብትመታው ያ ቦታ ተቆርጦ ይቀራል። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የመቅጃ ፕሮግራም ይበቃል። በኋላ ግራና ቀኙን ለየብቻ ስማ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ደምራቸው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀጠቀጠው ጩኸት ዘፈኑ ሳይነካ ይቀንሳል። የመስመሩ አንዱ ግድግዳ ከተበላ ግን አትደምር፤ ደህናውን ብቻ ወስደህ ሞኖ አድርገው። የመጀመሪያውን ፋይል ሳትነካው አስቀምጥ፣ የጠቅታ ማጥፊያውን በግልባጩ ላይ ሥራ። ከበሮው ሲሰማ የመጀመሪያው ምት ከደነዘዘ ማጥፊያው ከመጠን በላይ ሄዷል፤ ለመሣሪያው ፈጣን ምትና ጭረት አንድ ናቸውና።

ሰላም_ከአዲስ

መርፌ_ጠጋኝ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት። ከአሜሪካ የመጣ የ1970ዎቹ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ በትራንስፎርመር ሰክተነው ዘፈኑ ሁሉ ይንቀረፈፋል፣ ዘፋኞቹ ሁሉ ወፍራም ድምፅ ይሆናሉ። ቀበቶው ተለውጧል። ምንድን ነው?

መርፌ_ጠጋኝ

እህቴ፣ ቀበቶው ምንም አላደረገሽም። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50። የድሮ ሞተሮች ፍጥነታቸውን ከኤሌክትሪክ መስመሩ ነው የሚወስዱት፤ ስለዚህ 45 ዙር 37.5 ይሆናል፣ ዜማውም ከሦስት ሰሚቶን በላይ ይወርዳል። የምትፈልጊው ለ50 ኸርዝ የተሠራውን የሞተር መዘውር (ፑሊ) ነው፣ ቀበቶው የሚያርፍበትን። ዲያሜትሩ ከአሁኑ በ20 በመቶ ይበልጣል፤ ፋብሪካው ካልሠራው ቶርኖ ያለው ሠራተኛ ከናስ ያወጣልሻል። እስከዚያ ቀድተሽ በኮምፒውተር 20 በመቶ ማፍጠን ይቻላል፤ ያኔ ግን «ፍጥነት ቀይር» የሚለውን እንጂ ዜማውን ሳይነካ ጊዜ ብቻ የሚያሳጥረውን አትምረጪ። ዲሲ ሞተር ያለው ማጫወቻ ይህ ጣጣ የለበትም።

ባለመብቱ_ማነው

ስለ ዩቲዩቡ ማንም አልመለሰልህም። «አሮጌ ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚለው ቀልድ ነው። በአሜሪካ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዳ ድምፅ በ2018ቱ ሕግ በፌዴራል ጥበቃ ሥር ገብቷል፤ ከ1957 እስከዚያ ቀን የወጣው ሁሉ እስከ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2067 ይጠበቃል። በዚህ ላይ ድምፁና ዘፈኑ የተለያዩ መብቶች ናቸው። ሸክላዋ ላይ የቅጂ መብት ምልክት አለመኖሩን አይተህ ዘፈኑ ነፃ ነው አትበል፤ ከ1978 በፊት ሸክላ መሸጥ ዜማውን እንደ «ማሳተም» አይቆጠርም፤ ሕጉ በግልጽ ያለው ነው።

ግን ቀዳዳ አለ። ያው ሕግ ለንግድ ያልሆነ አጠቃቀም መንገድ ትቷል፦ ቅጂው አሁን ለገበያ እየቀረበ አለመሆኑን ሕጉ በዘረዘራቸው ቦታዎች በቅንነት ትፈልጋለህ፣ ለቅጂ መብት ቢሮው ማስታወቂያ ታስገባለህ፣ 90 ቀን ትጠብቃለህ። በዚያ ጊዜ ባለቤቱ ካልተቃወመ ልትጠቀም ትችላለህ። ይህ ድምፁን እንጂ ዜማውንና ግጥሙን አይሸፍንም፤ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያስገኝልህ ቻናልም «ለንግድ ያልሆነ» ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ቀላሉ መንገድ የማይክሮፊልም_ልጅ ያለው ደብዳቤ ነው። ሰዎቹ ከተገኙ በአንድ ገጽ ፈቃድ ይሰጡሃል። ስታገኛቸው መጀመሪያ የምትጠይቀው ግን ማን ከፈለ የሚለውን ነው፦ ስቱዲዮው በራሱ ገንዘብ ቀድቶ ከሆነ የድምፁ ባለቤት ባንዱ ላይሆን ይችላል።

መርፌ_ጠጋኝ

በነካ እጄ፦ ስታገኛቸው ቴፕ ጠይቅ። ሸክላ የቴፕ ግልባጭ ነው። ዴዝ የሚባሉት የዲትሮይት ሦስት ወንድማማቾች በ1976 በራሳቸው ገንዘብ 500 ሸክላ አሳትመው ነበር፤ በ2009 አልበሙ ሙሉ ሆኖ ሊወጣ የቻለው ማስተር ቴፑ በቤተሰብ እጅ ስለቆየ ነው። የኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 የቀዳው ካሴት ባሕር ዳር ላይ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 እንደገና ወጣ፤ ኃይሉ ያኔ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። በሁለቱም ሰዎቹ ስለነበሩ ነገሩ ከሸክላና ከካሴት አልፎ ሄደ።

ቴፑ ከተገኘ ራስህ እንዳታጫውተው። ጥቅሉን ወደ ብርሃን አቅና እይ፦ ብርሃን ካሳለፈ አሲቴት ነው፣ ጥቁር ግድግዳ ከሆነ ፖሊስተር። የ1960ዎቹ ቴፕ አሲቴት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እያረጀ ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ኢንተርኔት ላይ «ቴፕ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል» የሚል ታገኛለህ፤ እሱ ለአንዳንድ የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የሚጣበቁ የፖሊስተር ቴፖች ነው። አሲቴት ብትጋግር ታጠፋዋለህ።

ኮለምበስ_45

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቀለበቱን በጎን ብርሃን አየሁት፦ የሌብሉ ቁጥር ተደግሟል፣ ከአጠገቡም ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ፤ ራይት ናት። ሌብሉ የተጨመቀ ነው፣ ቪኒል። ታጥባ ብዙ ተሻላት። ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛ ክንዱ ሲዞር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ኦርጋኑም ያለቅሳል። ሁለተኛ በፈዝ ጊታሩ ገጽ መጨረሻ ላይ፣ ልክ ልጁ ቁጥሩን ሲጠራ፣ ድምፁ ይሰነጠቃል።

መርፌ_ጠጋኝ

የመጀመሪያው ችግር የሸክላዋ ቀዳዳ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ስለተመታ ነው። ባለ 45 ትልቅ ቀዳዳ (38 ሚሊ ሜትር) መሆኑ እዚህ ይጠቅማል፦ አስማሚውን (ትልቁን ቀዳዳ የሚሞላውን ክብ ነገር) አውጣና ሸክላዋን በባዶው ምንጣፍ ላይ አስቀምጥ፣ ማጫወቻውን አስጀምርና ክንዱን ከጎን እያየህ በጣትህ ግማሽ ሚሊ ሜትር እየገፋህ አስተካክል። ውዝዋዜው ሲቆም ቅዳ። ምንጣፉ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀጭን የጎማ ወረቀት ከሥር አድርግ። ቀዳዳውን በቢላ የሚያሰፋ ሰው አለ፤ አንተ አታድርገው፣ ሌላ ኮፒ የለህም።

ሁለተኛው የመስመሩ ጠባይ ነው። ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚያልፈው መንገድ ያጥራል፣ ማዕበሉ ይጨመቃል፣ ክብ መርፌ መታጠፊያውን አይከተለውም።

ማትሪክስ_አንባቢ

እዚህ ላይ ከክቡ መርፌ ጋር አልስማማም፣ ይቅርታ ጋሼ። ቪኒል መሆኗ ከታወቀ ኤሊፕቲካል (ጫፉ ሞላላ የሆነ መርፌ) ይሞከር። የቪኤም95 መርፌው ብቻ ስለሚነቀል ካርትሪጁን ሳይፈቱ ባለ ኤሊፕቲካሉን መሰካት ይቻላል፤ ያው 2 ግራም።

መርፌ_ጠጋኝ

ልጄ፣ መሞከሩን ማን ከለከለ። በሁለቱም ይቅዳውና ከዚያች ቁጥር ከተጠራችበት 10 ሰከንድ በፊት ጀምሮ አጠገብ ለአጠገብ ይስማቸው። ስንጥቁ በሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ካለ መስመሩ ድሮ ተበልቷል ወይም ሲቀዳ ጀምሮ የነበረ ነው። ፈዝ ባለበት ዘፈን ስቱዲዮው ራሱ ቴፑን አስጩኾት ሊሆን ይችላል፤ ያን የሚፈታው ሁለተኛ ኮፒ ወይም ቴፑ ብቻ ነው። በኤሊፕቲካሉ ከቀነሰ የመጀመሪያውን ደቂቃ ተኩል ከክቡ፣ መጨረሻውን ከኤሊፕቲካሉ ወስደህ ጸጥ ባለ ምት ላይ ግጠማቸው።

የማይክሮፊልም_ልጅ

ኮለምበስ_45፣ ባለ 4 አሃዟን ቁጥር ብቻ እዚህ ለጥፋት፤ የባንዱን ስም ተወው። በዚያው ሒሳብ ሌሎች ሸክላዎች ያሉት ሰው ካለ ከተማውን ከነሱ ሌብል እናነበዋለን። ማይክሮፊልሙ ጋ ስትሄድ ዩኤስቢ ያዝ፣ እዚያ ያለው ማሽን ገጹን በቀጥታ ያስቀምጥልሃል፤ የጋዜጣውን ስም፣ ቀንና የገጽ ቁጥር በፋይሉ ስም ውስጥ አስገባ፣ አለበለዚያ ማታ ቤትህ ስትከፍተው የትኛው የየትኛው እንደሆነ አታውቅም።